በዓል በሌለበት ወር ቤትን ማድመቅ



የፈረንጆቹም የእኛውም ገና አልፏል። በየመስኮቱ ሲበሩ የነበሩት ትንንሽ አምፖሎች ወርደው ወደ ካርቶናቸው ተመልሰዋል። ትንሣኤ ደግሞ ገና ሩቅ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ለምንኖር ሰዎች ይህ ጊዜ ስም የሌለው ጊዜ ነው። ፌብሯሪ አልቆ ማርች ቢገባም ብርዱ አልለቀቀም። መንገድ ዳር የተቆለለው በረዶ ጠቁሯል፤ ሰማዩም እንደ አመድ ነው። ሕይወት ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ትሆናለች።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ቀላል ነገር ነው፤ በእነዚህ ሳምንታት ቤትን ስለ ማድመቅ። ዳቦ መድፋትን፣ አበባ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥን፣ መጋረጃ መክፈትን ብዙዎቻችን ቅንጦት ወይም ዓለማዊነት አድርገን እናያቸዋለን። እኔ ግን ከፍቅር ሥራዎች መካከል እንደሚቆጠሩ አምናለሁ። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፦ የደመቀው ቤት በሩ ተዘግቶ ከቀረ ሥራው ተጀመረ እንጂ አልተፈጸመም።

ክረምታችን ተለውጧል

በአማርኛ ክረምት ስንል መጀመሪያ የሚታየን ዝናብ ነው። የነሐሴ ቀን ቢጨልምም መጨረሻው ይታወቃል። ጳጉሜን አልፎ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ታለብሰዋለች። ልጃገረዶች በየደጁ ይዘፍናሉ፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል። የአገራችን ክረምት የሚሸኘው በበዓል ነው። ቤት ይድመቅ ወይስ አይድመቅ ብሎ የሚያስብ የለም፤ ቀን መቁጠሪያውም ጎረቤቱም ይጠራናል።

እኔ በምኖርበት በሚኒሶታ ግን ክረምት እንዲህ አይሸኝም። አንድ ቀን ሞቅ ብሎ ያስጎመጀናል፤ በማግስቱ ይጥላል። በማርች ይጥላል፤ አንዳንድ ዓመት በኤፕሪልም ይጥላል። "አበቃ" የሚል በዓል የለም።

የብርሃኑም ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሚኒያፖሊስ ላይ በዲሴምበር መጨረሻ ቀኑ 9 ሰዓት አይሞላም። ስቶክሆልም ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በማርች ብርሃኑ እየተመለሰ ነው፤ ሰውነታችንና ልባችን ግን የወራቱን ድካም ተሸክመዋል።

ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1976 ከደቡብ አፍሪካ ወደ ኒው ዮርክ መጡ። ክረምት ሲገባ ጉልበታቸው እንደሚከዳቸው፣ ጸደይ ሲመጣ ደግሞ እንደሚመለስላቸው በራሳቸው ላይ አስተዋሉ። በ1984 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ወቅትን ተከትሎ የሚመጣው የመንፈስ ጭንቀት በሕክምናው ዓለም ስም አገኘ። ነገሩን ያስተዋሉት ሰው ከፀሐይ አገር የመጡ ነበሩ። እኛም ከፀሐይ አገር የመጣን ነን።

ስለዚህ አንዲት እህት በዚህ ወር "ልቤ ከበደኝ" ስትለን፣ ፈጥነን ስለ ጸሎት ሕይወቷ ከመጠየቃችን በፊት ቆም እንበል።

እግዚአብሔር ለደከመ ሰው ያደረገው

ኤልያስን አስቡት። ከኤልዛቤል ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። ያን ያህል ታላቅ ድል ያየ ነቢይ ነው። እግዚአብሔር መልአኩን ላከለት። መልአኩ ግን ስለ እምነቱ አልጠየቀውም። ዳስሶ ቀሰቀሰውና እንዲበላ ነገረው። ራስጌው ላይ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነበር። ኤልያስ በልቶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ ሁለተኛም በላ። "እዚህ ምን ታደርጋለህ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው በኋላ፣ በኮሬብ ዋሻ ነው። እንጎቻው ቀደመ፤ ጥያቄው ተከተለ።

ከትንሣኤው በኋላም ጌታችን እንዲሁ አደረገ። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም አልያዙም። ንጋት ላይ ከታንኳ ሲወርዱ የፍም እሳት፣ ዓሣና እንጀራ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው (ዮሐንስ 21)። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ቁርስ ሠራላቸው። ጴጥሮስን "ትወደኛለህን?" ብሎ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው።

ወንድሞች፣ ይህን ክፍል እኛ በተለይ ልናነበው ይገባል። "መጋገርና ቤት ማሳመር የሴቶች ነገር ነው" የሚል ወንድም፣ የቤቱ ጌታ በባሕር ዳር እሳት ያነደደ መሆኑን ያስታውስ።

ጥቅል በር ላይ ሲከመር

እንግዲህ ወደ ግዢው ልምጣ። ቀኑ ሲከብድ ስልክ ይዞ መግዛት ይቀላል። ማታ ሶፋ ላይ ተጋድመን አንድ ነገር እንጫናለን፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጥቅል በር ላይ ይቀመጣል። ደስታው ግን ካርቶኑ እስኪቀደድ ነው። ወሩ ሲያልቅ የክሬዲት ካርድ ደረሰኝ ይመጣል፤ እርሱ ግን ለብዙ ወራት ይቆያል። ነቢዩ ኢሳይያስ እንጀራ ላልሆነ ነገር ገንዘብ ስለሚመዝኑ ሰዎች የጠየቀው ጥያቄ (ኢሳይያስ 55፥2) ዛሬም በስልካችን ላይ ይሠራል።

በሌላ በኩል ደግሞ ለራሳቸው ቤት አንድ ዶላር ማውጣት የሚከብዳቸው ቅዱሳን አሉ። "እናቴ አገር ቤት በኑሮ ውድነት ተጨንቃ እያለች እኔ አበባ ልግዛ?" ይላሉ። ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚያልፍ ሰው የስደትን ኑሮ አያውቀውም። ሁለት ሥራ ሠርቶ፣ ከራሱ ቀንሶ ለወንድሞቹ ትምህርት ቤት የሚከፍለውን ሰው አከብረዋለሁ። ለቤተሰቡ የሚላከው ገንዘብ መነካት የለበትም።

ነገር ግን የምናገረው ስለ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። አንድ ከረጢት ዱቄት፣ አንድ ፓኬት እርሾ፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ እቅፍ ዳፎዲል፤ ይህ ሁሉ ከ20 ዶላር የሚያልፍ አይመስለኝም። ዳፎዲል በዚህ ወር በየሱፐርማርኬቱ ሳይፈነዳ በእምቡጡ ይሸጣል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ውኃ ውስጥ አድርጋችሁ ሞቅ ያለ ክፍል ስታስቀምጡት በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈካል። ቢጫነቱ አደይን ያስታውሳል። ልጆቻችሁ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁ ስለ መስከረም ንገሯቸው።

ምክሬ አጭር ነው። ከመውጣታችሁ በፊት መጠኑን ወስኑ፤ በወረቀት ጻፉት፤ በጥሬ ገንዘብ ክፈሉ። በስልክ ከማዘዝ ራሳችሁ ሂዱ። የምትሄዱበት የሐበሻ ሱቅ ከሆነ ደግሞ ከሻጩ ጋር ሁለት ቃል ትነጋገራላችሁ። ብቻውን ለሚኖር ሰው፣ በሳምንቱ ውስጥ በአማርኛ የሚያናግረው ሰው ሻጩ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዳቦ የሚደፋበት ቤት

ብርድ ባለበት አገር ኦቨን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ዳቦውን ያበስላል፣ ወጥ ቤቱንም ያሞቃል። ሽታው ደግሞ የአገር ቤትን በዓል ወደ አፓርታማ ያመጣል።

ልምድ ለሌላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ኪሎ ዱቄት፣ አንድ ፓኬት ደረቅ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቂት ስኳር፣ ጥቂት ዘይትና አንድ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ አዘጋጁ። ለብ ባለ ውኃ፣ ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሊትር፣ ለስለስ እስኪል አቡኩት። በክረምት ወጥ ቤት ሊጥ ቶሎ ኩፍ አይልም፤ ስለዚህ እሳቱ ሳይለኮስ የኦቨኑን መብራት ብቻ አብርታችሁ ውስጡ አስቀምጡት። ኮባ ባይገኝም የእስያና የላቲን ሰዎች ሱቆች የሙዝ ቅጠል በፍሪዘር ይሸጣሉ። ቅጠሉን ትሪው ላይ አንጥፉ፣ ሊጡን ድፉበት፣ በላዩም ሸፍኑት። እንደገና ኩፍ ሲል በ350 ፋራናይት 50 ደቂቃ ያህል ይበስላል። ልጆቻችሁን አስጠጓቸው፤ ሊጥ ሲነሣ ያየ ልጅ፣ ጌታ ስለ እርሾ የተናገረውን ምሳሌ (ማቴዎስ 13፥33) በቀላሉ ይረዳል።

ከዱቄቱ ውስጥ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንዳላስገባሁ ልብ ብላችኋል? ይህ ወቅት የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾም የሚውልበት ነው። የጾም ዳቦ ካደረጋችሁት ከእናንተ ጋር መቁረስ ይችላሉ። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም በፌብሯሪና በማርች ላይ ይውላል። ለሙስሊም ጎረቤታችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ግማሹን ትኩስ ዳቦ ብትልኩላት በሯን ደስ ብሏት ትከፍታለች። ያን ቀን ስብከት አያስፈልግም።

መስኮቱ፣ መብራቱና ደረቁ ቅርንጫፍ

ቤት ማስዋብ ሲባል አዲስ ዕቃ አይታያችሁ። መጀመሪያ መጋረጃውን ክፈቱ፤ መስኮቱን ወልውሉ። በእኛ በኩል የክረምት ፀሐይ ከደቡብ ስለምትመጣ፣ ወንበሩን ወደ ደቡቡ መስኮት አስጠጉት። ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡት እዚያ ይሁን። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ጥለት ያለው የጠረጴዛ ልብስ አውጡት። መሶቡ ከቁም ሣጥን ላይ ይውረድ። ለእንግዳ ተብሎ የተቆለፈባቸው ስኒዎች ይታጠቡ።

ጓሮ ያላችሁ ወይም ጓሮ ያለው ወዳጅ ያላችሁ ሌላም ነገር አለ። ፎርሲትያ የሚባለውን ቁጥቋጦ ፈልጉ። አሁን ስታዩት የደረቀ እንጨት ይመስላል። ጥቂት ቅርንጫፎች ቆርጣችሁ ቤት ውስጥ ውኃ ውስጥ ብታቆሟቸው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቢጫ አበባ ይለብሳሉ። ገንዘብ አያስፈልገውም።

የዚህ ተክል ነገር ይገርመኛል። ቅርንጫፉ በልግ ላይ፣ ብርዱ ሳይመጣ ቢቆረጥ ሞቃት ቤት ቢገባም አያብብም። አስቀድሞ ለሳምንታት ብርድ ማግኘት አለበት። ብርዱን ያለፈው ቅርንጫፍ ነው ሙቀት ሲያገኝ የሚፈካው። በቤተ ክርስቲያናችን ብርዱን ያለፉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ የጎደላቸው ሞቅ ያለ ክፍል ነው።

በሩ ካልተከፈተ

ከዚህ በላይ የጻፍኩት ሁሉ ወደዚህ የሚያመጣ ነው። ማርያም ውድ ሽቱ በጌታ እግር ላይ ስታፈስ ይሁዳ "ለድሆች ቢሸጥስ?" ብሎ ተቆጣ (ዮሐንስ 12)። አንዳንዶች በዚህ ክፍል ቤት ማስዋብን ሊደግፉበት ይሞክራሉ። ነገር ግን ማርያም ያፈሰሰችው ለጌታ ነው፤ እኛ አበባ የምናስቀምጠው በራሳችን ጠረጴዛ ላይ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ታዲያ ጠረጴዛችን እንዴት ለጌታ ይሆናል? እርሱ ራሱ በማቴዎስ 25 መልሶልናል። እንግዳን የተቀበለ እርሱን ተቀብሏል።

ምሳሌ 31ም ይህንኑ ያሳያል። በቁጥር 21 ላይ ያቺ ሴት በረዶ ቢመጣም ስለ ቤተ ሰቦችዋ አትፈራም፤ ሁሉም በሚገባ ለብሰዋልና። ከዚያ በፊት ባለው ቁጥር ግን እጅዋ ለድሀ ተዘርግቷል። ሞቃቱ ቤትና የተዘረጋው እጅ ጎን ለጎን ናቸው።

አሁን በየአፓርታማው ማን እንዳለ አስቡ። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡ እናቶች አሉ። ቋንቋ የላቸውም፣ መኪና አይነዱም፤ ልጆቻቸው ሥራ ሲሄዱ ከሕፃኑና ከቴሌቪዥኑ ጋር ይውላሉ። አገር ቤት በር ላይ ቆመው ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በዲቪ መጥቶ የመጀመሪያ ክረምቱን የሚያሳልፍ ወጣት አለ። ሌሊት አረጋውያንን ስትንከባከብ አድራ ቀን የምትተኛ፣ ፀሐይ ሳታይ ሳምንቱ የሚያልፍባት እህት አለች። እሑድ እናያቸዋለን፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ብለውን ይሄዳሉ።

የማንጋብዛቸው ስለማንወዳቸው አይመስለኝም። ግብዣ ስንል ዶሮ ወጥ፣ ሁለት ዓይነት ጥብስ፣ አምስት ዓይነት አትክልት፣ የታጠበ ምንጣፍ ስለሚታየን ነው። ያን ለማድረግ ጊዜም አቅምም የለንም፤ ስለዚህ "አንድ ቀን" እንላለን፤ ክረምቱም ያልፋል። ማርታን ያደከማት ይህ ብዛት ነው (ሉቃስ 10)። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ በክረምት መጨረሻ ዳቦና ሻይ ሙሉ ግብዣ ነው። ማንም በዚህ አይፈር። ቡና ካላችሁ ቁሉ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ብቻ መስኮት ከፈት አድርጉ።

ደውሉላቸው። "እማማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና እኛ ቤት ይጠጡ፤ መጥቼ እወስድዎታለሁ" በሏቸው። የመጨረሻውን ቃል አትርሱ፤ በበረዶ አውቶቡስ መጠበቅ ለማይችል ሰው ያለ መኪና መጋበዝ ግማሽ ግብዣ ነው። ሲመጡም ልጃችሁን አጠገባቸው አስቀምጡት፤ ዳቦውን ደግሞ እሳቸው ባርከው ይቁረሱት። በባዕድ አገር ለወራት የሚረዱት ልጅ እንጂ የሚባርኩት ማዕድ ያላገኙ እናት፣ ያን ቀን ወደ ክብራቸው ይመለሳሉ።

አባቶቻችን የመሸበት መንገደኛ ደጃቸው ሲቆም "ቤት የእግዚአብሔር ነው" ይሉ ነበር። የኪራይ ውላችን ላይ የእኛ ስም ቢጻፍም ይህ ቃል ዛሬም እውነት ነው።

ዳቦ የማይደርስበት ቦታ

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ወይም ከአልጋ መነሣት ያቃተው፣ ምንም ነገር ደስ የማይለው፣ "ባልኖር ይሻላል" የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ካለ፣ አበባና ዳቦ አይበቃውም። ሐኪም ማየት አለበት፤ እንዲህ ያለው ሐሳብ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ። ይህን ማድረግ የእምነት ጉድለት አይደለም። ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም የተወደደ ብሎታል (ቆላስይስ 4፥14)። እኛ ደግሞ አብረን እንሂድ፤ ቀጠሮውን እናስይዝ፤ እናስተርጉም። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሻይ ላይ ነው፤ ካፖርቱን አውልቆ ሲቀመጥ። በሩን ለመክፈት ይህም አንድ ምክንያት ነው።

ለመጪዎቹ ሳምንታት

እስከ ትንሣኤ ድረስ የቀሩትን ቅዳሜዎች ቁጠሩ። ከእነርሱ ሁለቱን ብቻ ለዚህ ለዩ። ዓርብ ማታ ዱቄትና አበባ ግዙ፤ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ድፉ፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ጥሩ። አንድ ሰው ይበቃል። ሲሄድ የቀረውን ዳቦ በፎይል ጠቅልላችሁ ስጡት፤ ከፎርሲትያውም አንድ ቅርንጫፍ ጨምሩለት፤ ገና ያላበበውን። እርሱ ቤት ያብብ።

እግዚአብሔር ከጥፋት ውኃ በኋላ ምድር እስካለች ድረስ ወቅቶች እንደማይቋረጡ በልቡ ተናግሯል (ዘፍጥረት 8፥22)። ይህም ክረምት በእጁ ነው፤ ያልፋልም። እስኪያልፍ ድረስ ግን በረዶ ውስጥ የሚጠብቀን ሰው አለ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ ዱቄታችሁ አይጉደል፤ ደጃችሁም እንግዳ አይጣ። አሜን።